አንድ ጀልባ፣ ሁለት መዝገብ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ጀልባ ነው። ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከዳሪሙና ከሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች የምትሰሙን ወገኖች፤ «እኛ የቡናና የማር አገር ሰዎች ነን፤ ከጀልባ ጋር ምን አገናኘን?» ትሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ የገባና የብርብር ወንዞች ተጋጥመው ባሮ የሚባለውን ታላቅ ወንዝ የሚያስገኙት በዚሁ በእናንተ አገር ነው። ባሮም ከወንዞቻችን ሁሉ ተለይቶ የንግድ መርከብ ሲመላለስበት የኖረ ወንዝ ነው። ስለዚህ የጀልባ ነገር ለኢሉባቦር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም።

የምንነጋገረው ግን ስለ ጀልባው ሞተርና ስለ ቀዛፊው ብልኃት ሳይሆን ስለ ጀልባው ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ የዕለት እንጀራ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ጀልባ ለሌለውም ሰው ቁም ነገር እንዳለው ወደ ፊት ይታያል።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምረው። በዳሪሙ የሚኖር አንድ ሰው ቡናው ደኅና ዋጋ አወጣለትና፣ ቤተ ሰቡና እንግዶቹ የሚዝናኑባት አንዲት የሞተር ጀልባ ሊገዛ አሰበ እንበል። ጀልባይቱ የምትንሳፈፈው ጋምቤላ ላይ፣ በባሮ ወንዝ ነው። የባለቤቱ ቤት በኦሮሚያ ክልል ነው፤ የጀልባይቱ ማደሪያ በጋምቤላ ክልል ነው፤ የመርከብ ጉዳይ የተሰጠው የፌዴራል ባለሥልጣን ደግሞ አዲስ አበባ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ጀልባይቱን በማን መዝገብ ያስጽፋት? በቤቱ አጠገብ ባለው፣ በውሃው አጠገብ ባለው፣ ወይስ በሩቁ? ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰውዬው ያለ የሌለ ገንዘቡን ያፈሰሰባት ንብረት የእርሱ ለመሆኗ ምስክር የሚሆነው ይኸው መዝገብ ብቻ ነውና፣ በተሳሳተ በር የገባ እንደ ሆነ ጉዳቱ የሚታወቀው ችግር በመጣ ቀን ነው።

ለጥያቄው መልስ ከመስጠታችን በፊት መዝገብ ራሱ ምን ሥራ እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የጀልባ መዝገብ አራት ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያው ጀልባይቱን ከሌሎች ጀልባዎች ለይቶ ማሳወቅ ነው፤ ይኸውም ርዝመቷን፣ የተሠራችበትን ነገር፣ የሞተሯን ቁጥርና መለያ ቁጥሯን መጻፍ ነው። ሁለተኛው የማን እንደ ሆነች መመስከር ነው። ሦስተኛው በእርሷ ላይ የተያዘ ዕዳ ቢኖር ለሚገዛና ለሚያበድር ሰው መግለጽ ነው። አራተኛው የየትኛው አገር እንደ ሆነችና የማንን ሰንደቅ ዓላማ እንደምታውለበልብ ማረጋገጥ ነው። ከእነዚህ ከአራቱ መጀመሪያዎቹን ሦስቱን አንድ ክልልም ሊሠራቸው ይችላል። አራተኛውን ግን ከአገር መንግሥት በቀር ሊሠራው የሚችል የለም፤ ሰንደቅ ዓላማ የሚሰጥ አገር ነውና።

የኢሉባቦር ታሪክ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ተስማምተው ነበር። ቦታው በወንዙ በኩል ከ2000 ሜትር፣ በጠቅላላው ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካና ለጦር ሥራም እንዳይውል በውሉ ተጽፏል። ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው በጋምቤላ ነው። ከዚያም ወዲህ ክረምት በገባና ባሮ በሞላ ቁጥር፣ የሱዳን መንግሥት የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል እስከ ጋምቤላ ይወጡ ነበር። የጎሬና የመቱ አካባቢ ቡና፣ ሰምና ቆዳ በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፤ ጨርቅና ጨው ደግሞ በዚያው መንገድ ወደ ደጋው ይመለሳል። ወንዙ ሲጎድል መርከቡም ይቀራል፤ ነጋዴውም እስከሚቀጥለው ክረምት ይጠብቃል።

ልብ በሉ፤ ወንዙ የኛ ነበር፤ ጭነቱም ከኛ ምድር የበቀለ ነበር። መርከቦቹ ግን የሌላ መንግሥት ንብረት ነበሩ። አንድ የጎሬ ነጋዴ ስለ መርከቡ፣ ስለ ጭነቱ ዋስትና ወይም ስለ ጉዳቱ ካሣ ነገር ቢነሣበት፣ መልሱ የሚገኘው ካርቱም እንጂ ጎሬ አልነበረም። ውሉም ይጸና የነበረው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነበርና፣ ሱዳን ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ነፃ በወጣች ጊዜ የውሉ መሠረት ፈረሰ፤ ጣቢያውም በ1949 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በውሃህ ላይ የሚሄደው መርከብ በማን መዝገብ እንደ ተጻፈ ማወቅ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይህ ታሪክ ይናገራል።

ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ በዐዋጅ ቁጥር 164 ወጣ። ይህ ሕግ ከፍትሐ ብሔርና ከንግድ ሕጎች ጋር በአንድ ዓመት የታወጀ ሲሆን፣ ስለ መርከብ ምዝገባ፣ ስለ ባለቤትነት፣ መርከብን በመያዣነት ሰጥቶ ስለ መበደርም ይደነግጋል። በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት ተቋቋመና የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልቡ መርከቦች በውቅያኖስ ላይ ታዩ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር በሆነች ጊዜ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ አልቀረላትም፤ መርከቦቿ ግን ሰንደቅ ዓላማቸውን አላወረዱም። ምክንያቱም የባሕር በር የሌለው አገር መርከቦቹን በራሱ ሰንደቅ ዓላማ የማስኬድ መብት እንዳለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 በባርሴሎና የወጣው መግለጫ አስታውቋል፤ በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነትም ይህንኑ አጽንቷል። እንግዲህ ከባሕር ርቆ የሚኖር ሕዝብም ቢሆን መዝገቡ የተስተካከለ እንደ ሆነ በባሕር ላይ ስም ሊኖረው ይችላል።

ክቡራን አድማጮች፤ አንድ ባለ ጀልባ ከሁለት መዝገቦች አንዱን የመምረጥ ነፃነት የተሰጠው በሰፊው የሚታወቀው በአሜሪካ አገር ነውና፣ ልምዱን ጥቂት እንመልከት። በአሜሪካ ለመዝናኛ የሚሆን ጀልባ የገዛ ሰው ሁለት በሮች ይጠብቁታል። አንደኛው ስቴት የሚባለው የክፍለ ግዛቱ ምዝገባ ነው። በዚህ የተጻፈ ጀልባ የክፍለ ግዛቱን ሁለት ፊደላትና ቁጥሩን ከፊት ለፊቱ በግራና በቀኝ ለጥፎ ይሄዳል፤ በኛ አገር ለብዙ ዓመታት አንዱ መኪና በሰሌዳው ላይ የክልሉን ፊደል፣ ሌላው «ኢት» የሚለውን ፊደል ይዞ ሲሄድ እንደ ኖረ ማለት ነው። ሁለተኛው በር የፌዴራሉ መንግሥት የመርከብ ሰነድ ነው። ይህም የአሜሪካ ምክር ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1789፣ ሥራ በጀመረበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ካወጣቸው ሕጎች የመነጨ የቆየ ሥርዓት ነው። ዛሬ ሥራውን የሚያካሂደው የባሕር ጠረፍ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የምዝገባው ማዕከል በዌስት ቨርጂኒያ ይገኛል። በዚህ መዝገብ የገባች ጀልባ የፊት ቁጥር ሳይሆን ስሟንና የመዝገብ ከተማዋን በውጭ አካሏ ላይ ትጽፋለች፤ መለያ ቁጥሯ ደግሞ በውስጧ፣ በቀላሉ ሊነቀል በማይችልበት ሁኔታ ይቀረጻል።

በሁለተኛው በር ለመግባት ሁለት ዋና ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ባለቤቱ በሙሉ የአገሩ ዜጋ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ጀልባይቱ ቢያንስ 5 የተጣራ ቶን መያዝ አለባት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ይህ ቶን የክብደት መለኪያ ሳይሆን የስፋት መለኪያ ነው። አንዱ ቶን 100 ኪዩቢክ ጫማ፣ ይኸውም 2.83 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ቦታ ነው። ስለዚህ ትንሿ የዓሣ ማጥመጃ ታንኳ ይህን ልክ አትሞላም፤ ምርጫም የላት፤ የክፍለ ግዛቱ መዝገብ ብቻ ይበቃታል። ልኩን የሞላ የመዝናኛ ጀልባ ባለቤት ግን ሁለቱን አመዛዝኖ የመምረጥ መብት አለው። በአንጻሩ ልኩን የሞላና በጠረፍ ንግድ ወይም በዓሣ ማስገር ሥራ የተሰማራ መርከብ በፌዴራሉ ሰነድ የመያዝ ግዴታ አለበት።

ታዲያ ባለቤቶቹ ምን አስበው ይመርጣሉ? በቤቱ አጠገብ ካለው ሐይቅ ወጥቶ የማያውቅ፣ ጀልባውንም በእጁ ገንዘብ የገዛ ሰው፣ የክፍለ ግዛቱ ምዝገባ ቅርብና ቀላል ስለ ሆነ በዚያው ይረጋል። ወደ ባሃማስ ወይም ወደ ካናዳ የሚሻገር ሰው ግን፣ የአገሩ ዜግነት በጀልባው ላይ መኖሩን የሚመሰክረውን የፌዴራል ሰነድ ይመርጣል። እንደዚሁም ከባንክ ተበድሮ ትልቅ ጀልባ የሚገዛ ሰው ባንኩ ራሱ ወደ ፌዴራሉ መዝገብ ይመራዋል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920 በወጣ ሕግ መሠረት በዚያ መዝገብ የተጻፈ የመርከብ መያዣ የቅድሚያ መብት አለውና። ነገር ግን የፌዴራል ሰነድ ያዝሁ ብሎ ከክፍለ ግዛቱ ግብር አመልጣለሁ የሚል ሰው ይሳሳታል፤ አንዳንዶቹ ክፍለ ግዛቶች ሰነድ ያላትንም ጀልባ ዓመታዊ ክፍያ ያስከፍላሉ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልናተኩርበት የሚገባን አንድ ደንብ አለ። በአሜሪካ ሕግ፣ በፌዴራሉ መዝገብ የገባች ጀልባ በክፍለ ግዛቱ የባለቤትነት ደብተር ልትያዝ አትችልም፤ ቀድሞ የተሰጣት ደብተር ቢኖርም መመለስ አለበት። ለምን ቢሉ፣ አንዲት ጀልባ በሁለት የባለቤትነት መዝገብ የተጻፈች እንደ ሆነ፣ አታላይ ሰው በአንደኛው መዝገብ ይሸጣታል፤ በሁለተኛው ደግሞ ብድር ይወስድባታል። ገዢውም የያዘው ወረቀት እውነተኛ ነው፤ አበዳሪውም የያዘው ወረቀት እውነተኛ ነው፤ ሁለቱም ማኅተም አላቸው። የሚከሰሰው ሰው በጠፋ ጊዜ ሁለት ንጹሓን ሰዎች በአንዲት ጀልባ ምክንያት በፍርድ ቤት ሲጓተቱ ይኖራሉ። ሁለት እውነተኛ ማኅተም አንድ ሐሰት የሚወልድበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን በሥራ ላይ ሲውል፣ ሥልጣንን በፌዴራሉ መንግሥትና በክልሎች መካከል አከፋፍሏል። ለጉዳያችን ሦስት አንቀጾች ይበቁናል። አንቀጽ 51 የአየርን፣ የባቡርንና የባሕርን መጓጓዣ ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል፤ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም የአገርን ወሰን የሚሻገሩ ወንዞችና ሐይቆች አጠቃቀምንም እንዲሁ በፌዴራሉ መንግሥት እጅ ያደርጋል። አንቀጽ 52 ለፌዴራሉ መንግሥት ተለይቶ ያልተሰጠና በጋራም ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች መሆኑን ያስረዳል። አንቀጽ 50 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ከተሰጠው ሥልጣን እንደ አስፈላጊነቱ ለክልሎች በውክልና ሊሰጥ እንደሚችል ይናገራል። በ1999 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 549 መሠረት ደግሞ የባሕርና የመርከብ ጉዳይ ራሱን የቻለ የፌዴራል ባለሥልጣን ተቋቁሞለታል።

እንግዲህ የዳሪሙን ሰው ጀልባ በዚህ ሚዛን እንመዝናት። መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን የባለቤቱ ቤት የት ነው ብለን ሳይሆን፣ ጀልባይቱ የምትሄድበት ውሃ የማን ነው ብለን ነው። ባሮ ከኢሉባቦር ደጋ ይወርዳል፤ ጋምቤላን ያቋርጣል፤ ከዚያም ከደቡብ ሱዳን ጋር የወሰን ወንዝ ይሆናል፤ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶም ሶባት ይባላል። ስለዚህ ሁለት ክልሎችን ያገናኛል፤ የአገርን ወሰንም ይሻገራል። በሁለቱም መለኪያ የፌዴራል ውሃ ነው። የዚህ ሰው የመጀመሪያ በር የፌዴራሉ ባለሥልጣን ነው ማለት ነው። ጋምቤላ ያለ መሥሪያ ቤት «እኛ እንመዘግባለን» ቢለውም ክፉ አይደለም፤ ሆኖም በአንቀጽ 50 መሠረት ውክልናው በእጁ መኖሩን በጽሑፍ እንዲያሳየው መጠየቅ አለበት። ውክልና ያለው መዝገብ የወካዩ መዝገብ ነው፤ ውክልና የሌለው መዝገብ ግን መልካም ጽሕፈት ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

ጀልባይቱ በባሮ ላይ ሳይሆን በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ በተቆፈረና ወደ ሌላ በማይፈስ የእርሻ ኩሬ ላይ የምትንሳፈፍ ብትሆን ኖሮ ግን፣ መልሱ ይለወጥ ነበር፤ ኩሬው የማንንም ክልል ከማንም አያገናኝምና ሰውዬው ወደ ክልሉ መሥሪያ ቤት ቢሄድ በቂ ምክንያት አለው። የሐዋሳን ሐይቅ የተመለከትን እንደ ሆነ ደግሞ፣ ሲዳማንና ኦሮሚያን የሚያዋስን ስለ ሆነ ወደ ባሮ ይጠጋል። የጣና ሐይቅ በአማራ ክልል ውስጥ የተከበበ ቢሆንም ዓባይ ከእርሱ ወጥቶ ወሰን ይሻገራልና ነገሩ ጠለቅ ያለ ምርመራ ይሻል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመስከረም ወር 2025 በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ጀርባ ደግሞ ሰፊ ሐይቅ ተኝቷል። አዲስ ውሃ አዲስ ጀልባ ይጠራል፤ አዲስ ጀልባም መዝገብ ይጠራል። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ፊት ይበዛል እንጂ አያንስም።

ክቡራን አድማጮች፤ ከእናንተ መካከል አብዛኞቻችሁ በመስኮቱ ውስጠኛ ወገን የምትቀመጡ ናችሁና፣ የንግግራችንን ፍሬ ለእናንተ ማካፈል ተገቢ ነው። ባለ ጉዳይ ወደ እናንተ ቀርቦ በጠየቀ ጊዜ፣ «ይህ የኛ አይደለም» ብሎ መመለስ መልስ አይባልም። የማን እንደ ሆነ መንገርና በየትኛው ሕግ እንደ ሆነ መጻፍ መልስ ነው። ከመቱ አዲስ አበባ ድረስ ለአንድ ፊርማ የሚጓዝ ሰው የትራንስፖርቱን፣ የማደሪያውንና የሥራ ቀኑን ኪሣራ በራሱ ይሸከማል። ሦስት ቢሮ ከተንከራተተም በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው አንደኛውን መዝገብ ወይም ሁለተኛውን ሳይሆን ምንም አለመመዝገብን ነው። ያልተመዘገበች ጀልባ በወንዙ ላይ ሰው ጭና ስትገለበጥ ግን፣ ባለቤቷ ማን እንደ ሆነ፣ ስንት ሰው ልትጭን ይገባት እንደ ነበረና ለሟቾች ቤተ ሰብ ማን እንደሚጠየቅ የሚናገር አንድ ገጽ አይገኝም። ባለ ጉዳዩን ያጉላላው መስኮት በዚያ ቀን የራሱን ድርሻ ከኅሊናው ሊሰውር አይችልም።

ደግሞም አንድን ንብረት ከመመዝገብ በፊት በሌላ መዝገብ ተጽፎ እንደ ሆነ መጠየቅ የመዝጋቢው ግዴታ ነው። ቀድሞ የተጻፈ ከሆነ የቀድሞው ይሰረዝ፤ መሰረዙም በደብዳቤ ይረጋገጥ። ይህ ለጀልባ ብቻ የተባለ አይደለም፤ ለቤት፣ ለመኪና፣ ለይዞታና ለንግድ ፈቃድም ያው ነው።

ጀልባ ለመግዛት ለምታስቡ ወገኖች ምክራችን አጭር ነው። ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት የሻጩን የባለቤትነት ወረቀት ተመልከቱ፤ በጀልባይቱ አካል ላይ ያለው ቁጥርና በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ። ውሃው የማን እንደ ሆነ ጠይቁ። ከባንክ የምትበደሩ እንደ ሆነ ባንኩ የትኛውን መዝገብ እንደሚቀበል አስቀድማችሁ እወቁ። አንድ ጊዜ የመረጣችሁትን መዝገብ ያዙ፤ «ለጥንቃቄ» ብላችሁ በሁለቱም አትጻፉ፤ ሁለት መዝገብ ጥንቃቄን አይጨምርም፤ ክርክርን ይጨምራል። የመዝገብ ወረቀት ደግሞ በውሃ ላይ አያንሳፍፍም፤ ስለዚህ ለሚሳፈረው ሰው ሁሉ፣ ለሕፃናቱ አስቀድሞ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይዙ ከዳር መነሣት አይገባም።

ባሮ ዛሬም ክረምት በመጣ ቁጥር ይሞላል። በላዩ ለሚሄዱት ጀልባዎች አንድ፣ ግልጽና የታመነ መዝገብ ማዘጋጀት ግን ከሰማይ የሚወርድ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤታችን ከምንይዘው ብዕር የሚመነጭ ነው።